ወንበርዎ ለቅሶ ደርሷል

ለክቡር ፊታውራሪ ተክለማርያም፣
የከተማችን የጸጥታ ሹምና የእድራችን የክብር አባል፤
ዲላ።

ክቡር ሆይ፣

የክቡርነትዎ ጤና፣ የጉሮሮዎ፣ የጨጓራዎ፣ ይልቁንም ሌት ተቀን ስለ እኛ ሲሉ የሚደክሙት የሁለቱ ጆሮዎችዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ በገበያው በረንዳ ላይ ልብስ የምሰፋው፣ የእድሩ ዳኛ ሽብሩ፣ ይህን ቃል እስከምጽፍባት ሰዓት ድረስ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ። ከዚች ሰዓት በኋላ ያለውን ጤንነቴን ግን ከእኔ ይልቅ ክቡርነትዎ ስለሚያውቁት፣ ምላሽ የጻፉልኝ እንደሆነ በዚያው እንዲያስታውቁኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ደብዳቤውን አሽጌ በእጅዎ ማድረስ ሲገባኝ በሱቄ በር ላይ የለጠፍሁት ንቀት አድሮብኝ አይደለም። ነጭ ለባሾችዎ የታሸገውን በእንፋሎት ለመክፈት ማንቆርቆሪያ ጥደው፣ በዚህ በከሰል ውድነት ዘመን እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ላለ አንድ ጋዜጣ ልኬው ነበር፤ እነርሱም ለደብዳቤ የሚሆን ቦታና ወረቀት ፈጽሞ እንደሌላቸው፣ ጥቅጥቅ ብሎ በተጻፈ የሁለት ገጽ መልስ አስረድተውኛል። ስለዚህ ክቡርነትዎ እንደማንኛውም መንገደኛ በረንዳዬ ላይ ቆመው ያንብቡት፤ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ተቀምጠውም ማንበብ ይችላሉ። ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቅርቤዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ወንበርዎ። ክቡርነትዎ ወደ ዲላ ተሾመው በመጡ ጊዜ፣ ማንም ሳይለምንዎ የእድራችን የክብር አባል ስለሆኑልን እስከ ዛሬ ኩራት ይሰማናል። እድራችን ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ የሚሲዮኑም አማኝ፣ ጌዴኦውም፣ ጉራጌውም፣ አማራውም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ነው። ሰው ሲሞት ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የሰማ ሁሉ ይደርሳል። ክቡርነትዎ ግን የሕያዋን ጉዳይ ስለሚበዛብዎ፣ ለሙታን ጊዜ ስለማይተርፍዎ፣ በራስዎ ፋንታ ወንበርዎን ይልኩልናል። ያ በቀይ ቆዳ የተለበጠ፣ የእጅ መደገፊያው ላይ የአንበሳ ራስ የተቀረጸበት ወንበር፣ በአሽከርዎ ራስ ላይ ሆኖ ይመጣል፤ ከፊት ይቀመጣል፤ ባዶውን ውሎ ማታ ይመለሳል። እኛም ስናልፍ ስናገድም እጅ እንነሳዋለን። ነጋዴው ነዚፍ አንድ ቀን፣ ወንበሩ ከባለቤቱ ይሻላል፣ ሰው ሲያለቅስ አያዛጋም ብሎ ነበር፤ ይህን ያልሁት ነዚፍን ለማሳጣት አይደለም፣ ክቡርነትዎ አስቀድመው ሰምተውታል።

ሁለተኛ፤ ጥያቄ ስለመፍቀድዎ። ባለፈው ጥቅምት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰብስበውን፣ ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትወጣ ስለ ጸጥታ ጥቅምና ስለ ምላስ ጉዳት ካስተማሩን በኋላ፣ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ብለው በአባትነት ጠየቁን። እኛ ደንቡን እናውቃለን። ይህ አባባል በባለጸጋ ቤት ግብዣ ላይ «ኧረ ብሉ፣ ምነው?» እንደሚባለው ነው፤ ጠግበናል፣ ይስጥልን ብሎ እጅ መታጠብ ነው እንጂ ማንም ደፍሮ እንጀራ አይጎትትም።

መምህር ፈለቀ ግን ተነሣ። ለማያውቀው መንገደኛ ልንገር፤ ፈለቀ እዚሁ ጌዴኦ ምድር ተወልዶ፣ ሚሲዮን ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ የአራተኛ ክፍል መምህር የሆነ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ቀጭን ሰው ነው። እሑድ በጸሎት ቤታቸው መዝሙር ሲመራ እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ እሰማው ነበር። ሃይማኖቴ ሌላ ቢሆንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እርሱ ሲዘምር የስፌት መኪናዬን መርገጫ አቆም ነበር።

ከስብሰባው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከጪጩ በላይ ባለው ዳገት የሚኖሩ ጪሰኞች፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር ከመሬቱ ተነሡ ተብለው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሽማግሌው በቀለ ወደ እኔ በረንዳ መጥቶ፣ «እኔ ነው የተከልኩ፣ ከልጅ ጋራ አንድ ላይ ነው ያሳደግኩ፤ ቡና እኔን ነው የምታውቀው። አሁን ቀላ፣ ሂድ አለኝ። ወዴት ነው? ቡና ተሸክሞ ይኬዳል ወይ?» እያለ ለማንም ለምንም ሲናገር፣ ፈለቀ የኮቱን ክርን ሊያስጠግን መጥቶ፣ እስክጨርስለት አጠገቡ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። በስብሰባው ላይ ተነሥቶ የጠየቀውም ይህንኑ ነው፤ «ክቡር ሆይ፣ ሰው ከመሬት ሲነሣ፣ ትቶት የሚሄደው ቡና የማን ነው?» ብሎ ተቀመጠ። የማንንም ስም አልጠራም። ያ ዳገት በቅርቡ በማን ስም እንደተዛወረ በዚያ ሜዳ ላይ የማያውቅ ቢኖር የትምህርት ቤቱ ደወል ብቻ ነበር። ክቡርነትዎም ፈገግ ብለው፣ «ዝም አይነቅዝም፣ መምህር» አሉና ስብሰባውን ዘጉ። እንዲህ ያለ አጭር መልስ ከእርስዎ ሰምተን ስለማናውቅ በጣም ተደነቅን።

ሦስተኛ፤ እውነቱን ስለመናገርዎ። በማግስቱ ፈለቀ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሁለት ሰዎች ላንድሮቨር ውስጥ አስገቡት። ሚስቱ ጥሩብርሃን የምሳ ሳህኑን በመሐረብ ቋጥራ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ የለም። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ የለም። ዘመዶቹ ይርጋጨፌ ስላሉ በጭነት መኪና ተሳፍራ ሄደች፤ እነርሱም አላዩትም። በመጨረሻ ከክቡርነትዎ ደጅ ቆመች። ክቡርነትዎም፣ ሌላ ሹም ቢሆን ዘበኛ ይልክባት ነበር፣ ራስዎ በረንዳ ድረስ ወጥተው፣ በእኛ ቁጥጥር ሥር እንዲህ የሚባል ሰው የለም፣ ኖሮም አያውቅም ሲሉ ነገሯት። በዚያች ሰዓት ፈለቀ ከቤትዎ ጀርባ ባለው የቡና መጋዘን ውስጥ በጆንያ ላይ ተኝቶ ነበር። ይህን ከለቅሶው በኋላ የነገረን የራስዎ ዘብ ነው፤ ስሙን እንዳልነግርዎ ክቡርነትዎ ራስዎ ዝም ማለትን አስተምረውኛል።

በገበያ ቀንም አዋጅ አስነገሩ፤ ስለ ሰውዬው የጠየቀ ከሰውዬው ጋራ ይደመራል የሚል። በሌለ ሰው ላይ ሰው ሲደመር ስንት እንደሚሆን፣ ሒሳቡን የሚያስተምርልን መምህር ስለተወሰደብን፣ እስከ ዛሬ አልገባንም። ውጤቱን ግን አየነው። ዲላ ጭጭ አለች። ሰው ሰውን መንገድ ላይ ሲያገኝ እንደምን አደርህ ማለት እንኳ ጥያቄ ነው ብሎ ፈርቶ፣ ባርኔጣውን ብቻ ነካ አድርጎ ያልፍ ጀመር። አውቶቡስ ተራ ላይ አንድ መንገደኛ ወደ ባንኮ ጎቲቲ የሚሄድ መኪና የትኛው ነው ቢል የሚመልስለት አጥቶ በእግሩ ሄደ አሉ፤ ይኼኛውን ነዚፍ ሳይጨምርበት አልቀረም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ቀን ጥሩብርሃን ሱቄ ገባች። አላለቀሰችም፣ አልተቀመጠችም። የእድሩ ዳኛ አንተ ነህ አይደል ወይ፣ መጠየቅ ተከልክሏል፣ ማልቀስስ ተከልክሏል ወይ አለችኝ። አዋጁን በልቤ ደገምሁት፤ ማልቀስ የሚል ቃል የለበትም። ማታውኑ ሽማግሎቹን ሰበሰብሁና ነገሩን እንዲህ አስረዳኋቸው። ፈለቀ ቤቱ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ ዘመዶቹ ዘንድ የለም፤ ክቡርነትዎም እኔ ዘንድ የለም ብለዋል፣ ክቡርነትዎ ደግሞ አይዋሹም። እንግዲህ ጤነኛ ሰው ከምድር በላይ ከታጣ ከምድር በታች ነው። የእድር አባል ሲሞት ደግሞ ድንኳን ይተከላል። ሽማግሎቹም ጡሩምባ ነፊውን አስጠሩ።

አራተኛ፤ ለቅሶ ስለመድረስዎ። ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባችን ተነፋ፤ መምህር ፈለቀ ሞቷል፣ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ነው፣ ድረሱ ተባለ። ነዚፍ ከጭነት መኪናው ላይ ሸራውን አውልቆ ለድንኳን ሰጠ። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርዎ፤ አላመንንዎትም ነበር። ሐሳባችን ክቡርነትዎ ጡሩምባውን አልጋዎ ላይ ሆነው ሲሰሙ አፍረው፣ ወይም ተቆጥተው፣ ወይ ደግሞ ሰውዬው ይኸው በሕይወት አለ፣ እናንተ አሟርተኞች ብለው ከነነፍሱ አምጥተው እንዲጥሉልን ነበር። ጥሩብርሃንም ይህንኑ ተስፋ አድርጋ፣ ዓይኗ እንደ ደረቀ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር።

የመጣው ወንበርዎ ነው። አሽከርዎ ጡሩምባ በሰማ ቁጥር፣ የሟቹን ስም ሳያዳምጥ፣ ወንበር መሸከም የለመደ ምስኪን ሰው ነው፤ የማን ለቅሶ ነው ብሎ እንዳይጠይቅ ጥያቄ ክልክል ነው። ስለዚህ እንደ ልማዱ ወንበርዎን በራሱ ተሸክሞ፣ ሕዝቡን ከፍሎ ገባ፣ ከፊት አስቀመጠው፣ እጅ ነስቶ ቆመ። ያ ወንበር እስከ ዛሬ ያልሞተ ሰው ለቅሶ ደርሶ አያውቅም።

ጥሩብርሃን ጮኸች። ዕድሜዬን ሙሉ በእድር ስኖር ብዙ ጩኸት ሰምቻለሁ፤ የእናት፣ የሙሽራ፣ የመንታ ወንድም። ያንን ግን ሰምቼው አላውቅም። እኛ ተንኰል ብለን የተከልነውን ድንኳን ወንበርዎ እውነት አደረገው፣ ሴትዮዋም ባሏ ተገድሏል ብላ ፊቷን ነጨች፣ እኔም ከጎኗ ቆሜ እውነት መስሎኝ አለቀስሁ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ጩኸት ላይ የማላግጥበት ቃል አላገኘሁም። ጨካኝ ሰው ነዎት። ትሕትናዬ ትንሽ አልቆብኛል፣ ይቅርታዎን እየለመንሁ ከታች እቀጥላለሁ።

ሬሳ በሌለበት ለቅሶ የሟች ልብስ እንደሚቀርብ ያውቃሉ። ጥሩብርሃን ኖራ የነካውን የማስተማሪያ ኮቱን አመጣችና የሚሰቀልበት ቦታ ፈለገች። ከወንበርዎ የተሻለ ቦታ አላገኘችም። ኮቱን ትከሻው ላይ አለበሰችው፣ እጅጌዎቹን በሁለቱ አንበሶች ላይ ዘረጋቻቸው፣ ከዚያ በኋላ ወንበርዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሰለ፤ ማታም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። አሽከርዎ ይህን አይቶ ማልቀስ ጀመረ፤ አይቆጡት።

የሚሲዮኖቹ ወገኖች በለቅሶ ላይ መዝሙር እንጂ ሙሾ አይገባም ብለው ከአልቃሿ ከአሰገደች ጋር ጥቂት ተጣሉ፤ በኋላ አንድ መዝሙር፣ አንድ ሙሾ ተብሎ ታረቁ። በእኛ አገር የሟች የመጨረሻ ቃሉ ለለቀስተኛው ይነገራል። የፈለቀ የመጨረሻ ቃል ምን እንደነበረ ደግሞ ክቡርነትዎ ከማንም ይበልጥ ያስታውሳሉ። አሰገደችም ኮቱን እያየች፣

ቡናው ሲቀላ ነው ተካዩ የተነሣ፣
መምህሬ ጠይቆ ሆነበት አበሳ።

ብላ ጀመረች። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ምን ብሎ ሞተ ይላል፣ ይነገረዋል፣ ወጥቶ ለሌላው ይነግራል። ከዳገቱ ጪሰኞቹ በጌዴኦኛ እያለቀሱ ወረዱ፣ ሽማግሌው በቀለም ኮቱ ፊት ተንበርክኮ ስለ እኔ ነው የሞትክ አለው። ከይርጋጨፌ በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። በአንድ አፍ የወጣችው ጥያቄ በሰልስቱ በስንት አፍ እንደዞረች እንግዳ የሚባለው ነጭ ለባሽዎ ይንገርዎ። ለክቡርነትዎ ሪፖርት ሊያደርግ ተልኮ፣ የመጀመሪያውን ቀን ጥግ ይዞ ዓይኑን በምራቅ ሲያርስ ዋለ፤ በሁለተኛው ቀን ንፍሮ ሲያዞር አየሁት፤ በሦስተኛው ቀን ከኋላዬ ለሆነ ገበሬ ጥያቄውን ከነዜማው ሲያስረዳ ሰማሁት። ማልቀስ በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስቀጣ አጥቶ በመቸገሩ እኔም አዘንሁለት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ዕድገት ይገባዋል።

ዘብዎ ሌላም ነገር ነግሮናል። የመጀመሪያው ጡሩምባ ሲነፋ ፈለቀ መጋዘኑ ውስጥ ነቅቶ ነበር፤ የገዛ ስሙን፣ የገዛ ሞቱን ሰማ። ሰምቶም ሳቀ። ያ ሙሉ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ወደ መኝታ ቤትዎ ስለደረሰ፣ ሰዎችዎ ገብተው ዝም አሰኙት። በምን ዝም እንዳሰኙት ከታች ይመጣል።

አምስተኛ፤ ሱቄን ሁለት ጊዜ ስላስፈተሹልኝ። ዓምና የጠፋብኝ ትልቁ መቀሴ ተገኝቷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስድስተኛ፤ ሰውዬውን ስለመለሱልን። በሰልስቱ ጠዋት ሰውዬው በሕይወት ስላለ ድንኳኑ ይነሣ የሚል ትእዛዝ ደረሰን፣ የነዚፍም መኪና ሸራ የለሽ ሆና ተገኝታለች ተብላ ተያዘች። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ለቅሶ በወሬ ይተከል ይሆናል እንጂ በወሬ አይነሣም፤ ሞተ የተባለው ሰው ራሱ ድንኳኑ ሥር ይቁምና ዓይናችን ይየው፣ ያን ጊዜ እናነሣለን ብለን በአክብሮት መለስን። ክቡርነትዎም ወይ ሬሳ ወይ ሰው ማምጣት ግድ ሆነብዎ።

ከሰዓት በኋላ ላንድሮቨሩ መጣ፣ ፈለቀም ወረደ። እልልታው ከጩኸቱ ጋር ተደባለቀ። ጥሩብርሃን በሁለት እጇ ፊቱን ልትይዝ ሄዳ እጇን መለሰች፤ አገጩ ከአናቱ ጋር በጨርቅ ታስሯል። ሰዎችዎ ቀደም ሲል ከመኪና ወድቆ ነው አሉን። የሾፌርዎን ጥበብ እስከ ዛሬ እናደንቃለን። ሰው ከመኪና ወድቆ፣ እጁን ሳይላጥ፣ የሱሪው ጉልበት ሳይቆሽሽ፣ አፉን ብቻ ለይቶ የሚወድቅበትን አነዳድ የትም አገር ያለ አይመስለንም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ ነበር አባቶቻችን። ለካስ በሰደፍ ይታሻል። አባቶቻችን የክቡርነትዎን ወጌሾች ሳያዩ ማለፋቸው ያሳዝናል።

ኮቱን ከወንበርዎ ላይ አንሥተን አለበስነው። እኔው በልኩ የሰፋሁት ኮት ሰፍቶት ከትከሻው ወረደ። ወንበርዎንም ጠራርገን ለአሽከርዎ አሸከምነው፣ ድንኳኑን አነሣን፣ ቃላችንን ጠበቅን።

አሁን ምስጋናዬን ጨርሼ አንዲት ችግር አማክርዎታለሁ። ወጌሻው አጥንቱ ገጥሟል ይላል፤ ፈለቀ ገንፎ ይውጣል፣ ይሄዳል፣ ይተኛል። ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። የገዛ ልጁ አባባ ምን ልስጥህ ስትለው በሩን ያያል። እሑድ ጸሎት ቤት ሄዶ ከሰው ጋር ይቆማል፣ አፉን ይከፍታል፣ የሚሰማ የለም። እኔም ሱቄ ውስጥ ሆኜ፣ ከልማዴ የተነሣ፣ የመኪናዬን መርገጫ አቆምና ዝም ያለውን አዳምጣለሁ። በእድራችን ደንብ ሰውየው ተመልሶ ድምፁ ለቀረ ለቅሶ የሚሆን አንቀጽ የለም። ድንኳኑን እንደገና እንትከለው ወይስ ተዉት ይላሉ? ብንተክለውስ ወንበርዎን ይልኩልናል?

ከክቡርነትዎ ጋር በሌላ ጉዳይም ስንገናኝ ሰንብተናል። ለክት የሚሆን ጥቁር ሱፍ ልከውልኝ፣ ኮቱን አደራ ብለውኝ ነበር፤ ወገቡንም እንደየዓመቱ ሰፋ አድርገው ብለዋል። ጨርቁን ቆርጬ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼው ሳለ ፈለቀ መጣና እንደ ድሮው አጠገቤ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ልብስ የማሰምርበትን ኖራ አነሣ። እጁ ኖራ ሲነካ እንዴት እንደሚለወጥ ቢያዩ ደስ ይልዎ ነበር። በጥቁሩ ሱፍ የጀርባ ቁራጭ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በዚያ የአራተኛ ክፍል ልጆች በሚያነቡት ጉልህ ጽሕፈቱ፣ ያችኑ ጥያቄ ጻፋት፣ በአራት ነጥብ ፈንታ የጥያቄ ምልክት አደረገባት፣ ኖራውን አስቀመጠ፣ ቤቱ ሄደ።

ይህን የመሰለ ውድ ጨርቅ ማራገፍ አልሆነልኝም። ኖራው እንዳይለቅ ፊደሉን አንድ በአንድ በነጭ ክር ተከተልሁት፤ ከዚያ ገበር አለበስሁበትና ኮቱን ጨረስሁ። ባለፈው እሑድ ለብሰውት በዋናው መንገድ ሲያልፉ፣ ከገበሩ ሥር ያለውን አስቀድሞ የሰማው ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ቆሞ፣ እርስዎ እስኪያልፉ ጠብቆ፣ ዞሮ ጀርባዎን ሲያይ፣ አክብሮት መስሎዎ ባርኔጣዎን ማንሣትዎን ሰምቻለሁ። ገበሩን አይተርትሩት ብዬ አልመክርዎም፤ ብቻ ስፌቱ የእኔ ነውና በቀላሉ አይለቅም።

ጥያቄዋን እስኪመልሱልን ድረስ በጀርባዎ ስለተሸከሙልን ምስጋናዬ ከልብ የመነጨ ነው። ሹመትዎ ይክበድልዎ፤ ከደጅዎ ጠያቂ፣ ከቤትዎ መላሽ አይጥፋ እያልሁ፣ መቀሴንና አንገቴን ባሉበት አስቀምጬ በክቡርነትዎ ፊት በመስገድ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ልብስ ሰፊና ቀባሪ፣
ሽብሩ
ዲላ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ዕድሜዎን ያርዝመውና፣ ቀኑ ሲደርስ የክብር አባል ስለሆኑ ጡሩምባው ይነፋልዎታል፣ ድንኳኑም ይተከላል፤ እኛም ባስተማሩን ደንብ መሠረት እያንዳንዳችን ወንበራችንን እንልካለን። በአካል የምትመጣው አልቃሿ አሰገደች ብቻ ናት። ስለ ክቡርነትዎ የሚባል መልካም ነገር ከአሁኑ ስትፈልግ ሰንብታ ስላጣች፣ በዚያ ሁሉ ባዶ ወንበር መካከል ቆማ አንዲት ነገር ብቻ ጠይቃዎት ትመለሳለች፤ ሰው ከመሬት ሲነሣ፣ ትቶት የሚሄደው ቡና የማን ነው? ያን ጊዜም መልሱ ቢጠፋብዎ አይጨነቁ፤ ዝም አይነቅዝም።